የሞተር ሳይክል የነዳጅ ጌጅ ጥገና በድሬዳዋ፦ ሳቢያን ያለው የሞተር ኤሌክትሪክ ቤት ሲገመገም

በድሬዳዋ የሞተር ሳይክሉ የነዳጅ ጌጅ አልታመን ያለው ሰው ወደ ጥገና ቤት ጎራ ሲል ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምክሮች አንዱን ይሰማል፤ ወይ «ተወው፣ ሪዘርቭ እስኪገባ ንዳው» ይባላል፣ ወይ ሙሉ ዳሽቦርዱን እንዲቀይር ይነገረዋል። ይህ ግምገማ ከሁለቱም የተለየ አሠራር ስላለው አንድ የሞተር ኤሌክትሪክ ጥገና ቤት ነው። ቤቱ ሳቢያን በተባለው ሰፈር ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ሰሌዳ ያልሰቀለ፣ አንድ ባለሙያና አንድ ወጣት ረዳት የሚሠሩበት ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ በሩ ላይ ከሚደረደሩት ባጃጆችና ሞተሮች በቀር የሚለይበት ምልክት የለውም። ወደዚያ የመሩኝ የባጃጅ አሽከርካሪዎች ናቸው። የወሰድኩት ካርቡሬተር ያለውና በመርፌ የሚያመለክት ጌጅ የተገጠመለት፣ የህንድ ስሪት የሆነ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው። በሥራው ረክቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ ያረካኝም ባለሙያው አንድም ዕቃ ከመለወጣቸው በፊት ብልሽቱ ያለበትን ቦታ በመለኪያ ማረጋገጣቸውና ያረጋገጡትን ለእኔም ማሳየታቸው ነው።

ጉዳዩ ይህን ያህል ትኩረት የሚገባው ለምን እንደሆነ ለአካባቢው አሽከርካሪ ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም። ቤንዚን በእኛ በኩል ሁልጊዜ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር ባለመሆኑ፣ በማደያው ደጃፍ የሞተርና የባጃጅ ሰልፍ በሚረዝምበት ሰሞን ታንክ ውስጥ ያለው ነዳጅ ለነገ ይበቃ እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ የግማሽ ቀን ሥራ ያተርፋል። ወደ ሐረር ለሚመላለስ ሰው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ተነሥቶ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ሐረማያ ምድር እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚሠራ፣ በከተማው ሜዳ የለመደውን ፍጆታ ይዞ የሚያሰላ ሰው ግምቱ አይሠራለትም። በዚያ ዳገት ላይ ቤንዚን ያለቀበት ሰው የሚቀረው አማራጭ መንገድ ዳር በሀይላንድ የሚሸጠውን መፈለግ ነው፤ ያ ቤንዚን ደግሞ፣ ዝቅ ብዬ እንደማብራራው፣ ጌጁን ራሱን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው።

የእኔ ሞተር ችግር እንዲህ ነበር። ታንኩ ሲሞላ መርፌው ሙሉ ላይ በትክክል ይቆማል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወርዶ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ ድንገት ባዶ ላይ ይወድቅና፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ተመልሶ ይነሣል። ነዳጁ ከሩብ በታች ሲወርድ ግን እንደገና ጤነኛ ይመስላል። ይህን በዝርዝር ያስቀመጥኩት ባለሙያው ገና ከመጀመሪያው የጠየቁኝ ይህንኑ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሳየሁባቸው ቦታዎች እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ በአንደኛው እንዲያውም ሞተሩ ሳይነካ የዳሽቦርድ ዋጋ ተነግሮኛል። እዚህ ግን መርፌው የሚወድቀው የት ደረጃ ላይ ሲደርስ እንደሆነ፣ በሚወድቅበት ጊዜ የፍሬቻውና የፊት መብራቱ ብርሃን አብሮ ይቀንስ እንደሆነ፣ ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ብቻ ሲከፈትም ይታይ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ቤንዚን ከየት እንደምቀዳ ተጠየቅሁ። ዳሽቦርድ እንድገዛ እንደተመከርኩ ስነግራቸው «አቦ፣ ዳሽቦርዱን ተወው፤ መጀመሪያ ለክተን እንይ» አሉኝ።

ጥያቄዎቹ ያለ ምክንያት የሚቀርቡ አይደሉም። መብራቶቹ ከመርፌው ጋር አብረው የሚደበዝዙ ከሆነ ጥፋቱ ለሁሉም በሚያገለግለው የኤሌክትሪክ መስመር ወይም ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ላይ ሊሆን ይችላል። መርፌው በማንኛውም ደረጃ ላይ የሚዘል ከሆነ የላላ ሶኬት ወይም የተበጠሰ ሽቦ ይጠረጠራል። እንደ እኔ ሞተር በአንድ የተወሰነ ደረጃ ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በአብዛኛው ታንኩ ውስጥ ወዳለው ሴንሰር ያመራል። የሴንሰሩ አሠራር ቀላል ነው፤ ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ዕቃ በቀጭን ክንድ ተይዞ ከነዳጁ ጋር ሲወጣና ሲወርድ፣ በክንዱ ሌላ ጫፍ ያለ የብረት ምላስ በሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ቀጭን ሽቦ) መስመር ላይ ይንሸራተታል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ የሚከተለው ያ መስመር የሚሰጠውን ኦም (ፍሰቱን የሚገታበት መጠን) ስለሆነ፣ በምላሱና በመስመሩ መካከል ያለው ንክኪ አንድ ቦታ ላይ ቢቋረጥ፣ ታንኩ በግማሽ ተሞልቶም ቢሆን መርፌው ባዶ ያሳያል።

ምርመራው የተጀመረው ከባትሪው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነሥቶ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ ሰጠ። ጤነኛ የኃይል መሙያ በዚህ ሁኔታ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ መሆን ስላለበት፣ መርፌው የሚወዛወዘው በሬጉሌተር (የኃይል መሙያውን ቮልት በሚቆጣጠረው ዕቃ) ምክንያት ነው የሚለው ግምት እዚያው ተወገደ። ቀጥሎ ከታንኩ ሥር የሚወጣውን የሴንሰር ሶኬት ነቀሉትና ቁልፉን ከፈቱ፤ መርፌው ባዶ ላይ ተኛ። ከዳሽቦርዱ በኩል የመጡትን ሁለት ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ለአፍታ ሲያገናኙ መርፌው ተነሥቶ እስከ ሙሉ ሄደ። በሌሎች አንዳንድ ሞተሮች አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ሊሆን ቢችልም ፍሬ ነገሩ ያው ነው፤ መርፌው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ ጌጁም፣ ከጌጁ እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦም ደህና ናቸው። ግንኙነቱ ለአፍታ ብቻ መሆን ያለበት በሙቀት የሚሠሩ ጌጆች ለረዥም ጊዜ ሙሉ ከረንት ሲያልፍባቸው ሊቃጠሉ ስለሚችሉ መሆኑን ለረዳታቸው ሲያስረዱ ሰማሁ። ይህች ፈተና ደቂቃ እንኳ ሳትፈጅ ልገዛ የነበረውን ዳሽቦርድ አስቀርታልኛለች፤ ማንኛውም ባለሞተር ዳሽቦርድ ከመግዛቱ በፊት ፊቱ እንድትደረግለት ቢጠይቅ እመክራለሁ።

ማሳውም ለብቻው ተለካ። ታንኩ ቀለም የተቀባና በላስቲክ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ በሻንሲው (በሞተሩ የብረት አጽም) በኩል ማሳ ያገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ለዚህም ነው ለሴንሰሩ የራሱ የማሳ ሽቦ የሚዘረጋለት። ያ ሽቦ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ ሲለካ ዜሮ ሊባል የሚችል ኦም ስለሰጠ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ወጣ።

የቀረው ሴንሰሩ ነበር። ባትሪው ተነቅሎ፣ ቤንዚኑ በንጹሕ ጀሪካን ተቀድቶ፣ ታንኩ ከወረደ በኋላ ሴንሰሩ ወጣ። እዚህ ላይ ባለሙያው ዲጂታሉን መለኪያ አስቀምጠው በመርፌ የሚሠራ አሮጌ ቴስተር አነሡ። ዲጂታሉ ቁጥሩን እስኪያሳይ ድረስ ንክኪው ተቋርጦ ሊመለስ ስለሚችል አጭር መቋረጥን ይደብቃል፤ በመርፌው ቴስተር ላይ ግን ትንሿ መዝለል እንኳ በዓይን ትታያለች። ክንዱን በጣታቸው በጣም ቀስ አድርገው ሲያንቀሳቅሱት፣ ከላይ ከ10 ኦም በታች የጀመረው ንባብ ያለ እንከን እየጨመረ መጥቶ መካከል ላይ ሲደርስ መስመሩ ጭራሽ ተቋረጠ፤ ጥቂት አለፍ ሲል ተመልሶ ተያያዘና ታች ወደ 100 ኦም ተጠጋ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ እንድመለከት አደረጉኝ፤ ክንዱንም ራሴ እንዳንቀሳቅሰው ሰጡኝ። ተንሳፋፊውንም ጆሮአቸው አጠገብ አድርገው ነቅንቀው፣ ውስጡ ቤንዚን እንዳልገባ አረጋገጡ፤ ተቀድዶ ቤንዚን የገባበት ተንሳፋፊ ስለሚሰምጥ ታንኩ ሞልቶም መርፌውን ታች ያስቀምጠዋል።

ብልሽቱ መካከል ላይ የሆነበትን ምክንያት ስጠይቅ ያገኘሁት ማብራሪያ ከጠቅላላ ጉብኝቱ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠሁት ነው። የሬዚስተሩ መስመር የሚበላው ምላሱ አዘውትሮ በሚንቀጠቀጥበት ቦታ ነው። ሰልፍ ሳይረዝም ባገኘሁበት ቀን ሁሉ ጥቂት ጥቂት እየጨመርኩ ታንኩን በግማሽ አካባቢ ይዤ የምነዳ በመሆኔ፣ በመንገዱ ንዝረት ምላሱ ያችኑ ስፍራ ሲፍቃት ኖሯል። በዚያ ላይ በመስመሩ ላይ ቡናማ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ተለጥፎ ነበር፤ ቤንዚን በሙቀት ቀላል የሆነው ክፍሉ ሲተንና ቀሪው ከአየር ጋር ሲዋሃድ የሚተወው ነው፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ታንክ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ከታች በኩል ባሉት የሽቦ ማያያዣዎች ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ይታይ ነበር። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ከየት እንደገባ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ በየመንገዱ በሀይላንድ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር ውሃና ቆሻሻ መግባቱ ለባለሙያው የዕለት ተዕለት ገጠመኝ ነው። እዚያው የተቀዳውን ቤንዚን በጨርቅ ሲያጣሩት የቀረውን ደለል ካየሁ በኋላ፣ አስገዳጅ ካልሆነብኝ በቀር ከማደያ ውጪ ላለመቅዳት ወስኛለሁ።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ በሁለት ደረጃ ነበር። መጀመሪያ ሴንሰሩ በኮንታክት ክሊነርና በለስላሳ ብሩሽ ተጸዳ። ረዳቱ ብርጭቆ ወረቀት ሲያነሣ ባለሙያው ከለከሉት፤ የሬዚስተሩ ሽቦ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቢነካው እየሳሳ ኦሙ ይለወጣል፤ አልያም ይበጠሳል። ከጽዳቱ በኋላ በተደረገው ልኬት መቋረጡ በጣም ቢጠብም ፈጽሞ አልጠፋም። እንደዚያው ተገጥሞ ብሸኝ ኖሮ ለጥቂት ጊዜ ደህና መስሎኝ በኋላ ተመልሼ ልሄድ ነበር። እሳቸው ግን ሁለቱንም አማራጭ ከነዋጋው ነግረው ምርጫውን ለእኔ ተዉት፤ እኔም አዲስ ሴንሰር መረጥኩ።

አዲስ ሴንሰር መግዛት ራሱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሁሉም ሴንሰር በአንድ የኦም ልክ አይሠራም። በተሽከርካሪዎች ዓለም ባዶ ሲሆን 240 ሙሉ ሲሆን 33 ኦም የሚሰጥ አለ፤ ባዶ ሲሆን 0 ሙሉ ሲሆን 90 የሚሰጥም አለ፤ ባዶ ሲሆን 10 ሙሉ ሲሆን 180 ኦም የሚሰጥም አለ። በአካል ተመሳስሎ በቀዳዳው ልክ የገባ ሴንሰር የኦም ልኩ ካልተስማማ፣ መርፌው ወይ በተቃራኒው ይሄዳል፣ ወይ ከግማሽ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ባለሙያው ረዳታቸውን ቴስተርና አሮጌውን ሴንሰር አስይዘው ወደ መለዋወጫ ሱቅ ላኩት። መጀመሪያ የተሰጠው ዕቃ ክንዱ ወደ ላይ ሲነሣ ኦሙ የሚጨምር ሆኖ ስለተገኘ ከሱቁ ሳይወጣ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ከአሮጌው ጋር የተቀራረበ ንባብ ሰጥቶ ተገዛ። ዕቃውን በራሱ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያደርግ ገንዘብ ባይከፍል ይሻለዋል።

ሌሎች ቤቶች የሚዘሉት፣ እኔም ይህን ቤት ከሁሉ በላይ እንዳከብረው ያደረገኝ ሥራ ግን የመጨረሻው ማስተካከል ነው። ታንኩ ባዶውን ተመልሶ ከተገጠመና ሞተሩ በመካከለኛው ስታንድ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ፣ ቤንዚኑ በልክ ማሰሮ አንድ አንድ ሊትር እየተጨመረ፣ በእያንዳንዱ ሊትር መርፌው የቆመበት ቦታ በጌጁ መስታወት ዳር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ምልክት ተደረገበት። በመጀመሪያው ዙር መርፌው ከቀይ የሚነሣው ከሦስት ሊትር በላይ ከገባ በኋላ በመሆኑ፣ ቤንዚኑ እንደገና ተቀድቶ የተንሳፋፊው ክንድ በጥቂቱ ጎበጥ ተደረገ፤ በሁለተኛው ዙር ሁለት ሊትር ሲሞላ መርፌው ከቀዩ ወጣ። ከዚህ የተረዳሁት ሌላው ነገር፣ መርፌው ግማሽ ላይ ሲሆን ታንኩ የግድ በግማሽ ተሞልቷል ማለት እንዳልሆነ ነው። የሞተር ሳይክል ታንክ በሻንሲው ላይ እንደ ኮርቻ ስለሚቀመጥ ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ከሙሉ እስከ ግማሽ ያለው ነዳጅ ከግማሽ እስከ ባዶ ካለው ይበልጣል፤ የታችኛው ግማሽም ከላይኛው ፈጥኖ ያልቃል። ምልክት የተደረገባት ወረቀት ዛሬም በሞተሩ መያዣ ኪስ ውስጥ አለች፤ ከጌጁ ይልቅ ሊትሩን የምትነግረኝ እሷ ናት።

ከሴንሰሩ ሥር ያለው ጎማም አዲስ ተደርጓል። ተራ ሲሊኮን በቤንዚን ስለሚያብጥና ስለሚላቀቅ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ በትክክለኛው የቤንዚን ጎማ ታስሮ፣ ታንኩ ከሞላ በኋላ ዙሪያው በደረቅ ጨርቅ ተፈትሾ ነው የተረከብኩት።

ስለ ቤቱ ጉድለትም መናገር ይገባኛል። ታንክ የሚወርደው በሩ ፊት ለፊት ባለ ጥላ ሥር ሲሆን፣ ከግንቡ ወዲያ የብረት በር የሚበየድበት ቤት አለ። ባለሙያው ብየዳው እስኪቆም ድረስ ታንኩን ሳይከፍቱ ቢጠብቁም፣ የቤንዚን ሥራና የብየዳ ሥራ ያን ያህል መቀራረባቸው አሳሳቢ ነው፤ ለታንክ ሥራ የተለየ ቦታ ቢያዘጋጁና የእሳት ማጥፊያ ቢሰቅሉ ከልብ እመኛለሁ። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ዋስትናውም በቃል ብቻ ነው። በድሬዳዋ ልማድ በቀትሩ ሙቀት ስለሚዘጉ፣ ረፋድ ላይ ያልደረሰ ሰው ሥራው ለማግስቱ ያድርበታል። ለምርመራው 300 ብር፣ ለመግጠሙና ለማስተካከሉ 600 ብር ከፍያለሁ፤ ሴንሰሩንና ጎማውን የገዛሁት በሱቁ ዋጋ ነው። ይህ ለከተማው ርካሽ አይደለም፤ ዳሽቦርዱ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ ግን እጅግ ያነሰ ከመሆኑም በላይ ዳሽቦርዱ ቢለወጥ ኖሮ ብልሽቱ በቦታው ይቀር ነበር።

ከጥገናው በኋላ ወደ ሐረር ደጋግሜ ወጥቻለሁ። ግማሽ ላይ የነበረው መውደቅ ጠፍቷል። በደንገጎ ዳገት ላይ መርፌው ከሜዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ደግሞ ዝቅ ይላል። ይህ ግን ብልሽት አይደለም፤ በእኔ ሞተር ሴንሰሩ ወደ ታንኩ ኋላ የተጠጋ ስለሆነ ሽቅብ ሲወጣ ቤንዚኑ ወደ እሱ፣ ቁልቁል ሲወረድ ከእሱ ይሸሻል። እንዲሁም ሞተሩ በጎን ስታንዱ ተጋድሞ ቆሞ የሚነበበው ንባብ የታመነ አይሆንም። ስለዚህ ትክክለኛውን ለማወቅ በመንገዱ ላይ ባሉት አዴሌ ወይም አወዳይ ሜዳ ላይ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የመርፌው እንቅስቃሴ ሆን ተብሎ የተዘገየ ስለሆነ ወዲያው አይረጋም።

ቤቱ የማይሠራውም ሥራ አለ። ነዳጅ በፓምፕ በሚረጭላቸው በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ከፓምፑ ጋር በአንድነት ታንኩ ውስጥ የተገጠመ ሲሆን፣ ዳሽቦርዱም በዲጂታል አሠራር ነዳጁን ያሰላል። አብሮኝ ተራ ይጠብቅ ለነበረ እንዲህ ዓይነት ሞተር ለያዘ ወጣት ባለሙያው መሣሪያው እንደሌላቸው ነግረው፣ ምንም ሳያስከፍሉ ወደ ሌላ ቦታ መርተውታል። በመርፌ የሚያመለክት ጌጅ ያለው ሞተር የያዘ ሰው ግን ጠዋት ገና ሳይሞቅ፣ ታንኩ ከሩብ በታች ሆኖ፣ ቤንዚን መቀበያ የሚሆን ንጹሕ ጀሪካን ይዞ ቢሄድ ሥራው በዚያው ቀን ያልቅለታል።